ተረበኛና ባለመልስ

ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ነገር ሐሜት ወይም ጨዋታ የሚሆነው በቃሉ ክብደትና ቅለት ብቻ አይደለም፤ የተነገረበት ሰው ቃሉን በገዛ ጆሮው ሰምቶ፣ ቢሻው ስቆ፣ ቢሻው ተቆጥቶ፣ ከሁሉም በላይ መልሱን ሰጥቶ ለመሄድ በመቻሉና ባለመቻሉም ጭምር ነው። ይህን ለመናገር የተነሣሁት በዚህ ዘመን ሣቅ ፈጣሪዎቻችን ሁለት ነገር አብዝተው መያዛቸውን በማየቴ ነው፤ አንደኛው የዝነኞች ገመና፣ ማለት የዘፋኙ ፍች፣ የተዋናይቱ ሠርግ፣ የባለ ቲክቶኩ አዲስ መኪና ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ያለፈው ዘመን ትዝታ፣ ይኸውም የቀድሞው ዘፈን፣ የቀድሞው አለባበስ፣ የቀድሞው ቴሌቪዥን ነው። ሁለቱንም ሕዝብ ይወዳቸዋል፤ እኔም አልጠላቸውም። ነገር ግን በትዝታው ስንስቅ ከሣቁ በኋላ ልባችን ቀለል ሲለው፣ በገመናው ስንስቅ አንዳች ቅሬታ በኅሊናችን የሚቀረው ለምን እንደ ሆነ ለመመርመር የፈለገ ሰው፣ ሣቃችን አፍ የፈታበትን ቦታ፣ ማለት ሰፈሩን፣ አስቀድሞ ማየት ይገባዋል።

ጌጃ ሰፈር በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያንና ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ ከአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። በእንዲህ ያለው ሰፈር የቀበሌ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ፣ ቦኖው የጋራ፣ መጸዳጃው የጋራ፣ ልብስ ማስጫው የጋራ ስለ ነበረ፣ የአንዱ ቤት ጠብና ዕርቅ፣ የአንዱ ልጅ ፈተና ማለፍና መውደቅ፣ የአንዷ ልጅ መታጨትና የእጮኛዋ መቅረት በማግስቱ የሁሉ ጉዳይ መሆኑ አይቀርም ነበር። ምሥጢር ለመያዝ የጭቃው ግድግዳ ራሱ አይፈቅድም። ስለዚህም የሰፈሩ ልጅ ገመናውን መሸሸግን ሳይሆን፣ ገመናው በአደባባይ ሲነሣበት እንዴት አድርጎ እንደሚመልስ እየተማረ ነበር የሚያድገው። የትምህርቱ ስፍራ ልጆቹ ራሳቸው ድድ ማስጫ የሚሉት፣ ከሱቅ ደጃፍ ወይም ከመንገድ መታጠፊያ ያለው የድንጋይ መቀመጫ ሲሆን፣ የትምህርቱም ስም ተረብ ይባላል።

ተረብ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከተቀመጡት መካከል አንዱ ድንገት ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «የእናንተ ቤት ከመጥበቡ የተነሣ ፀሐይ ስትገባ እናንተ ትወጣላችሁ» ይለዋል። ተሰብሳቢው ስቆ ሳይጨርስ የተነገረበት ልጅ፣ «እኛንስ ፀሐይ ጎበኘችን፤ የእናንተ ጣራ ከመበሳቱ የተነሣ ዝናቡ ክረምት ክረምት ኪራይ ይጠየቃል» ብሎ ይመልስለታል። በዚህ ጊዜ የሣቁ ድርሻ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ በሁለቱ ልጆች ቃል ውስጥ ስለ ድህነት የተነገረ እውነተኛ ነገር አለ፤ ቤቱ በእርግጥ ጠባብ ነው፣ ጣራውም በእርግጥ ያፈሳል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የአንድ ቀበሌ ቤት ልጆች ስለ ሆኑ፣ የአንዱ ድህነት ለሌላው ባዕድ ስላልሆነ፣ የሚያሳፍር የነበረው ነገር የሚያስቅ ሆኖ፣ ሁለቱም ቀለል ብሏቸው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ይህ ጨዋታ ለውጭ ተመልካች መረን የለቀቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው ሥርዓት አለው። በሌለ ሰው ላይ ተረብ አይጣልም፤ ቢጣል ያ ሐሜት እንጂ ተረብ አይደለምና ተናጋሪው ራሱ ዝቅ ይላል። ሐዘን በተቀመጠበት ቤት፣ ገና ሣልስቱ ባልወጣለት ሙት ላይ አይቀለድም። የተናደደ ተሸነፈ ይባላል፤ ነገር ግን የተናደደውን ከመጠን አልፎ የገፋውን ተረበኛ ታላላቆቹ «ተው፣ በቃህ» ብለው የመገሠጽ ሥልጣን አላቸው፤ እሱም ዝም ይላል፤ ምክንያቱም ነገ ያው ልጅ ውኃ ሲቀዳ ያገኘዋል፣ ከነገ ወዲያም የአባቱን ድንኳን አብረው ይተክላሉ። የዕድር ድንኳን አብሮ የሚተክል ሰው በሰው ላይ የሚናገረውን ቃል አስቀድሞ ይመዝናል።

ነገሩ በድድ ማስጫ የተወለደ አይምሰለን። በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን፣ በልሃ ልበልሃ በሚባለው፣ ከሳሽና ተከሳሽ ዛፍ ጥላ ሥር ፊት ለፊት ቆመው፣ መንገደኛውን ሁሉ ዳኛ አድርገው፣ ነገርን በምሳሌና በግጥም እያሸበረቁ ሲሟገቱ፣ ተመልካቹ የሚያደንቀው እውነት የያዘውን ብቻ ሳይሆን የተወረወረበትን ቃል ሳይዘገይ የሚመልሰውን ጭምር ነበር። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሊቁ በበዓል ቀን በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ባለሥልጣኑን ሲያመሰግንም ሆነ በሰሙ ሸፍኖ በወርቁ ሲገሥጽ፣ የተነካው ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ጉባኤ ቆሟል፤ ቢገባው ይሰማዋል፣ ባይገባው ባጠገቡ ያለው ይነግረዋል። የትውፊቱ አውራ የሆኑትን አለቃ ገብረ ሐናን ብንመለከት፣ የአቋቋም ሊቅነታቸው፣ ይኸውም በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም፣ በቤተ ክርስቲያን ሲኖር፣ በሕዝብ አፍ የኖረው ግን ጨዋታቸው ነው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ፊት ቆመው የሚናገሩትን ደፋር ቃል ሁላችን እናስታውሳለን፤ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ግን አለቃ ራሳቸው በባለቤታቸው በወይዘሮ ማዘንጊያ፣ በገበሬ፣ በሕፃን ልጅ መልስ የተረቱባቸው ጨዋታዎች ጥቂት አለመሆናቸው ነው። ሕዝቡ ቀልደኛውን አክብሮ ከመሬት በላይ አላወጣውም፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ሁልጊዜ ከፊቱ አቆመለት።

ደግሞም ቀልድ ከታች ወደ ላይ ሲወረወር ምን ያህል እንደሚፈራ ታሪካችን ይመሰክራል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን በ1913 ዓ.ም. ገደማ በቴራስ ሆቴል ባሳዩ ጊዜ፣ በአውሬዎች አምሳል የተሣሉት መኳንንት ራሳቸውን ስላወቁ ቴአትር ለዓመታት ታገደ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ደግሞ ፋሺስቶች ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር አዝማሪዎችንም እየለቀሙ እንዲያጠፉ ታዘዙ፤ መሰንቆ የያዘ ሰው የጦር መሣሪያ ከያዘው ጋር ተቈጠረ። በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት የተቀለደበት ሰው መልስ አልጎደለበትም፤ እንዲያውም መልሱ እግድና ግድያ ነበር። ስለዚህ የመልስ መብት ሁሉ ለደካማው ጥብቅና ነው ብዬ አልናገርም። ኃይለኛው መልስ የሚሰጥበት መንገድ ሞልቶለታል፤ በአደባባይ የሚጠየቀው ደግሞ ተራው ሰው፣ ወይም ከተራው ሰው ወጥቶ ዝነኛ የሆነው ሰው መልስ የሚሰጥበት መንገድ ነው።

ጋዜጠኛውን ጳውሎስ ኞኞን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚጻፍለትን ጥያቄ፣ ቁም ነገሩንም ሆነ ለማላገጥ የተጻፈውን፣ በአጭርና በሰላ ቃል ሲመልስ፣ ጠያቂው አላጋጭ ከሆነ መልሱም ያንኑ ልክ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አንባቢውም ስሙን ጽፎ ስለ ላከ የደረሰበትን ሣቅ በጸጋ ተቀበለ። ይህ ዓምድ ድድ ማስጫውን ወደ ጋዜጣ ያመጣ፣ ደብዳቤ ጽፎ ተረብ መጣል የሚቻልበት፣ ነገር ግን መልሱ በሚቀጥለው እትም ሳይሸሽ የሚጠብቅ የኅትመት አደባባይ ነበር።

በካሴትና በቴሌቪዥን ዘመን የመጡት ሣቅ ፈጣሪዎች፣ እነ ተስፋዬ ካሳ፣ እነ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ እነ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ኋላም እነ ክበበው ገዳ፣ ይህንን የሰፈር ጨዋታ ይዘው ወደ መድረክ ወጡ። በበዓል ዋዜማ ጎረቤት ሁሉ ቴሌቪዥን ባለበት አንድ ቤት ተሰብስቦ ሲያያቸው የነበረው ትውልድ ዛሬም ስማቸውን ሲሰማ ፊቱ ይፈካል። የእነሱ ብልኃት ምን ነበር ቢሉ፣ የሚቀልዱት በአብዛኛው በስም በተጠራ ሰው ላይ ሳይሆን በጠባይ ላይ ነበር፤ ሰካራሙ፣ ንፉጉ፣ ከገጠር የመጣው፣ ከውጭ አገር ተመልሶ አማርኛ የረሳው፣ ሚስቱን የሚፈራው። ተመልካቹ በየወንበሩ ተቀምጦ በጠባዩ ውስጥ ጎረቤቱን ፈለገ፤ ጥቂት ቆይቶም ራሱን አገኘ። በስም ያልተጠራ ሰው ስሙ አልጠፋበትምና መልስ ስጡኝ አይልም። በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት የራሱን የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ «አለቤ ሾው»ን ይዞ የነበረው አለባቸው ተካ፣ በመኪና አደጋ በሞተ ጊዜ የታየው የሕዝብ ሐዘን፣ ሣቅ ፈጣሪ በዚህ አገር ከቤተሰብ እንደሚቈጠር የገለጠ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሬድዮ ሞገዱ በዛ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ከእሱም በኋላ ሸገር 102.1 ሲመጡ፣ ከሰዓት በኋላ የሚደረገው ወሬና ሣቅ ወደ ታክሲው ውስጥ ገባ፤ ሰይፉ ፋንታሁን በሸገር ላይ በ«ታዲያስ አዲስ»፣ በኋላም በኢቢኤስ ቴሌቪዥን ባለው ዝግጅቱ የዝነኞችን ወሬ ለአድማጩ የዕለት ጨዋታ አደረገው። የኢቢኤሱ ዝግጅት ግን አንድ ነገር ጠብቋል፤ እንግዳው በአካል መጥቶ ይቀመጣል፣ ስለ እሱ የተወራውን ይጠየቃል፣ ሲቀለድበት መልሶ ይቀልዳል። እኔ እንደማየው፣ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ዘፋኝ ስለ ትዳሩ ተጠይቆ ቢያፍርም እንኳ፣ አፍረቱ የራሱ፣ መልሱም የራሱ ነው።

ዩቲዩብና ቲክቶክ ከመጡ በኋላ ያ ወንበር ጠፋ። ሁለት ወይም ሦስት ወጣቶች በአንዲት ክፍል ውስጥ ማይክራፎን አቁመው፣ ትላንት በስልክ ያዩትን የአንዲት ተዋናይት ፎቶ ከፊታቸው አድርገው፣ ማን ከማን ጋር ተለያየ፣ ማን ለማን መኪና ገዛ፣ የማን ፊት በመድኃኒት ነጣ እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲተራረቡ፣ አንደበታቸው በእርግጥ የድድ ማስጫ አንደበት ነው፤ ፍጥነቱ፣ ምሳሌው፣ «ከመ… የተነሣ» እያለ የሚገሠግሠው ግነቱ ሁሉ የሰፈር ልጅነታቸውን ያስታውቃል። ተሰጥዎአቸውን አደንቃለሁ። ያዘንሁት ግን ተዋናይቱ በክፍሉ ውስጥ ስለሌለች ነው። እርስ በርሳቸው ሲተራረቡ የሰፈሩን ሕግ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ይመልሳል፤ በእርሷ ላይ ሲመጡ ግን ሁሉም በአንድ ወገን ይሆናሉ፣ በሌላው ወገን የቆመ የለም። እሷ በማግስቱ ራሷን ለመከላከል ስልኳን አንሥታ ብትናገር ደግሞ ያ ራሱ አዲስ ወሬ፣ አዲስ መሣቂያ ይሆናል፤ ዝም ብትል እውነት ስለ ሆነ ነው ይባላል።

ይህን ስጽፍ የድምፃዊው የጥላሁን ገሠሠ ነገር በኅሊናዬ ይመላለሳል። በ1985 ዓ.ም. አንገቱ ላይ በስለት ጉዳት በደረሰበት ጊዜ፣ ማን አደረገው፣ ለምን አደረገው የሚለው ወሬ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ማዶ በየመጠጥ ቤቱና በየሠርጉ ተናኘ፤ ስም ተጠራ፣ ታሪክ ተፈጠረ። እሱ ግን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. እስካረፈበት ዕለት ድረስ ጉዳቱን ያደረሰበትን ሰው በአደባባይ አልተናገረም። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደ ከበደው አላውቅም፤ ነገር ግን ያ ዘመን የዛሬውን መሣሪያ ባለመያዙ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። በየሳምንቱ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው በአንገቱ ጠባሳ ላይ ሲተራረቡ ማየት ለእሱም ለእኛም አይገባም ነበር። ከሐዘን ቤት ላይ ተረብ አይጣልም የሚለው የሰፈር ሕግ እዚህ ላይ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ትዝታው ልመለስ፤ እዚህ ልቤ ይሰፋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ወደ ቀለም ሲሸጋገር፣ ለብዙ ዘመንም ብቻውን ሲኖር፣ አንድን አገር ሙሉ በአንድ ሰዓት አንድ ነገር እንዲያይ አድርጎ ነበር። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ቀደም ሲል በመድረክ ተዋናይት ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ለብሰው ሲተውኑ የነበሩት፣ ልጆችን ተረት እያጫወቱ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው አልፈው እስከ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ድረስ በሕይወት ስለ ኖሩ፣ የእርሳቸውን አቀማመጥና ድምፅ አስመስሎ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አይገኝም። የዛሬዎቹ ቀልደኞች የቀድሞውን የዘፈን ምስል አንሥተው፣ ዘፋኙ በሆቴል አትክልት መካከል አበባ ይዞ ብቻውን ሲንሸራሸር፣ ተወዛዋዦቹ ከዛፍ ጀርባ ተራ በተራ ብቅ ሲሉ፣ ቦላሌው መሬት ሲጠርግ፣ አፍሮው ከምስሉ ክፈፍ ሲወጣ እያሳዩ ሲያስቁን፣ የምንስቀው በእኛው በራሳችን፣ በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ፎቶግራፍ ነው።

በልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ካሉት የጀበና ቡና ቤቶች በአንደኛዋ ውስጥ ያየሁትን ላውጋ። ሦስት ጎረምሶች ስልክ ከበው በ1980ዎቹ የተቀረጸ አንድ የዘፈን ምስል ያያሉ፤ ዘፋኟ ትከሻው በስፖንጅ የተወጠረ ሰፊ ኮት ለብሳለች። ሣቃቸው ቤቱን ሲሞላው ቡና የምታፈላው ሴት፣ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ረከቦቱን ሳትለቅ ቀና ብላ፣ «አትሳቁ! እኔም ያንን ኮት ለብሼ ፎቶ ቤት ተነሥቻለሁ» አለች። አንዱ ቀበል አድርጎ፣ «እትዬ፣ ያን ጊዜ በበር እንዴት አለፉ?» አላት። «በጎን ነዋ!» አለች፤ «አባትህ በጎን ስገባ አይቶኝ ነው ሽማግሌ የላከብኝ፤ እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንተን የምቆጣህ በእናትነት ነበር።» ጎረምሳው ራሱን ይዞ ሲስቅ ሁለቱ ጓደኞቹ ከወንበራቸው ሊወድቁ ደረሱ፤ እሷም ሁለተኛውን ስኒ ቀድታ አቀረበችለት። ከዚያ በኋላ ስለ ኮቱ የጠየቃት እሱ ራሱ ነው፤ የት እንዳሰፋችው፣ ጨርቁ ምን እንደ ነበር፣ ለማን ሠርግ እንደ ለበሰችው። ሣቁ በር ከፈተ፣ በበሩም ታሪክ ገባ። የትዝታ ቀልድ መልካም ሆኖ ያገኘሁት ስለዚህ ነው፤ የተቀለደበት ዘመን መልስ የሚሰጥለት ሰው ገና በመካከላችን፣ ረከቦት ይዞ ተቀምጧል።

ቢሆንም የትዝታው ጨዋታም ሳይመረመር አይለፍ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ ከጌጃ ሰፈርና ከሌላውም ሰፈር ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ በሰልፍና በስብሰባ ላይ ስለ ምርትና ስለ ዘመቻ ዘመሩ። ከእነዚያ ቡድኖች ብዙ የድምፅና የመድረክ ሰው ወጣ። የዛሬው ወጣት ያንን ምስል አግኝቶ እጃቸውን ጨብጠው ሲወዛወዙ ሲያይ ቢስቅ አልፈርድበትም፤ የእጁ እንቅስቃሴ በእርግጥ ያስቃል። ነገር ግን ከተወዛዋዦቹ መካከል በውድ የገባና በግድ የገባ፣ ዘፈኑን ሲጨርስ ወንድሙን ሊቀብር የሄደ እንደ ነበረ የሚነግረው ሰው ባጠገቡ ከሌለ፣ ሣቁ የማያውቀውን መቃብር ረግጦ ያልፋል። ቡና አፍይዋ ሴት በሌለችበት ክፍል የትዝታ ቀልድ ከዝነኞቹ ሐሜት ብዙ አይለይም።

እዚህ ላይ የሰፈሩ ዕጣ ከነገሩ ጋር ይገናኛል። ባለፉት አሥራ አምስትና ከዚያ በሚበልጡ ዓመታት የልደታ አካባቢ የመልሶ ማልማት ስፍራ ሆኖ፣ የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየምና የመስታወት ሕንጻ ተተከለባቸው፤ በ2008 ዓ.ም. ባቡሩ በላይ በላያቸው ማለፍ ጀመረ። ነዋሪው ከፊሉ በዚያው ቤት ሲደርሰው፣ ከፊሉ ወደ ከተማይቱ ዳር ተሰደደ፤ አንድ ግድግዳ የተጋሩ ሰዎች በከተማይቱ አራት ማዕዘን ተበተኑ። ለጤናና ለንጽሕና የተገኘውን ጥቅም አልክድም፤ የጋራ መጸዳጃውን የሚናፍቅ የለም። ነገር ግን ተረበኛውን «ተው፣ በቃህ» ይለው የነበረው ታላቅ ሰው ዛሬ በሌላ ሰፈር በአራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ልጁም አንደበቱን ብቻ ይዞ፣ ገሣጩን አጥቶ፣ በስልኩ ፊት ተቀመጠ። የዛሬውን የዝነኞች ወሬ መረን መልቀቅ የወጣቱ ክፋት ነው የሚሉትን የማልቀበለው ስለዚህ ነው። ወጣቱ ቋንቋውን ወርሷል፤ ቋንቋው የሚነገርበት ጉባኤ ግን ከሥሩ ፈርሶበታል።

ሕግስ ምን ይላል ቢሉ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2044ኛው አንቀጹ፣ በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሣቂያ የሚያደርግ ነገር ተናግሮ ስሙንና የወደፊት ዕድሉን የሚያበላሽ ሰው ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ሕግ አውጭው መሣቂያ ማድረግን ከሚያስጠላው ነገር ጋር አንድ ላይ መጥቀሱ፣ ሣቅ ሰውን እንደሚያቆስል ማወቁን ያስረዳል። ከጌጃ ሰፈር ጥቂት ተራምዶ የሚገኘው የልደታ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ክርክር ሊያይ ይችላል። ሆኖም ዝነኛው ሁሉ በቀልድ ምክንያት ፍርድ ቤት ቢሄድ፣ ቀልድ በፍርሃት ይሞታል፤ ከቀልዱ ጋርም ኃይለኛውን የሚነካው ደፋር አንደበት አብሮ ይሞታል። ፍርድ ቤቱ ስሙ ለተገደለበት ሰው ይኑር፤ በስሙ ለተጫወቱበት ሰው የሚበቃው ሌላ ሥርዓት ነው።

በኒው ዮርክ ከተማ በ1904 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተመሠረተ፣ ፍራየርስ የሚባል የተዋንያንና የቀልደኞች ክበብ ነበረ፤ ስሙ የገነነው አንድን ታላቅ ሰው ለማክበር ሲፈልግ በእራት ግብዣ መካከል አስቀምጦ፣ ወዳጆቹ ተራ በተራ እየተነሡ ያለ ርኅራኄ እንዲቀልዱበት በማድረጉ ነው። ተከባሪው ሰው የተወረወረበትን ሁሉ ተቀምጦ ሰምቶ፣ በመጨረሻ ራሱ ተነሥቶ ለሁሉም መልሱን ይሰጥ ነበር። እነሱ በክበብ ውስጥ ያጸኑት ሥርዓት ለእኛ ከጥንትም የሰፈር ልማዳችን ነው። እኛ ግን ለከያኒዎቻችን የምንሰበሰበው ብዙ ጊዜ ሲታመሙ፣ ለሕክምና ገንዘብ ለማዋጣት፣ አለዚያም ለቀብራቸው ነው፤ በጤናቸው ሳሉ ሣቃችንን አምጥተን ፊት ለፊት አንሰጣቸውም።

በጥር 2017 ዓ.ም. ማሕሙድ አሕመድ፣ በልጅነቱ ጫማ ጠርጎ በኋላ የአገር ድምፅ የሆነው ሰው፣ በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ዝግጅቱን አሳየ። ለታላላቆቻችን እንዲህ ያለ ክብር መስጠት የምንችል መሆናችንን ካየሁ በኋላ ለሣቅ ፈጣሪዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ማኅበር ያወረሰን ቴአትር ቤት መድረኩ ዛሬም አለ፤ በዚያ መድረክ ላይ በስልክ ምስል የምትስቁባቸውን ባለ ቦላሌና ባለ አፍሮ ድምፃውያን፣ የቀድሞ ተወዛዋዦችንና ዜና አንባቢዎችን በአካል አስቀምጡልን፤ ስለ ኮታቸው፣ ስለ ጸጉራቸው፣ ቢፈቅዱ ስለ ትዳራቸውም ተረባችሁን ጣሉባቸው። በየኮንዶሚኒየሙ የተበተነውን የሰፈር ሰውም ጥሩት፤ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ ከመጠን ያለፈውን ልጅ በስሙ ጠርቶ «ተው» የሚለው ታላቅ ሰው ከእነሱ መካከል አይጠፋም። ማይክራፎኑንም በመጨረሻ ለተተረበው ሰው ስጡት፤ እስኪጨርስም ማንም አያቋርጠው።